ከፍሮይድ በፊት ማን ነበር? ስለ ፒየር ዣኔና ስለ ሂፕኖሲስ

ጥያቄ፦ «የሳይኮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ንዑስ ህሊናን ያገኘው ፍሮይድ ነው ተብለን ነው የተማርነው። በቅርቡ ግን ከሱ ቀድሞ ሕመምተኞችን በሂፕኖሲስ ያጠና ፒየር ዣኔ የሚባል ፈረንሳዊ እንደነበር አነበብኩ። ሰውዬው ማነው? ይህን ያህል ከሠራ ስሙ ለምን አይነሳም? ደግሞስ ሰው ሂፕኖታይዝ ሲደረግ የረሳውን ያስታውሳል የሚባለው እውነት ነው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስላነሳሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ። የምሠራውም ከባድ ነገር ደርሶባቸው ከዚያ መውጣት ካቃታቸው ሰዎች ጋር ነው። በዚህ ሥራ ላይ ላለ ሰው የዣኔ ጽሑፎች ትናንት የተጻፉ ነው የሚመስሉት። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ንዑስ ህሊናን ብቻውን ያገኘ ሰው የለም። ነገሩን ብዙዎች በየፊናቸው ነካክተውታል። ግን አንድ የሚያስደነግጥ ገጠመኝ ከሰው ትውስታ ተነጥሎ ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል፣ ተደብቆም አካልን እንደሚያሳምም፣ ታካሚ በታካሚ ተከታትሎ ያሳየው ማነው ብትዪኝ ዣኔ ነው እላለሁ። ይህን ያሳየበት መጽሐፉ የወጣው በ1889 ነው። ፍሮይድና የሥራ ባልደረባው ሐኪም ብሮየር ስለ ሂስቴሪያ (አካላዊ ምክንያት ሳይገኝለት ሰውነትን ለሚያሳምም ነገር በዚያ ዘመን የተሰጠ ስም) የመጀመሪያውን የጋራ ጽሑፋቸውን ያወጡት በ1893 ነው። እዚያም ላይ የዣኔን መጽሐፍ ጠቅሰው፣ ከነሱ ዘዴ ጋር የሚመሳሰል ሕክምና እንዳለበት አስፍረዋል።

ለኔ ግን ቀዳሚነቱ ብቻ አይደለም ትልቁ ነገር። ዣኔን የምወደው የገዛ ግኝቱን ስለተጠራጠረ ነው። እሱን ልንገርሽ።

ዣኔ በ1859 ፓሪስ ተወለደ። አጎቱ ፖል ዣኔ በዘመኑ የታወቀ ፈላስፋ ነበር። እሱም ፍልስፍና አጠና። ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር የሚባለው የፓሪስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ኋላ የታወቀው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ኤሚል ዱርኬም አብሮት ገብቷል። በ1883 ለሃቭር በምትባል የወደብ ከተማ የፍልስፍና መምህር ሆነ። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሐኪም አልነበረም። ቀን ያስተምራል፤ በትርፍ ጊዜው የከተማው ሐኪሞች የሚያገናኙትን ሕመምተኞች ያያል።

ጊዜው ሂፕኖሲስ፣ ማለትም ሰውን እንቅልፍ ወደሚመስልና የሚባለውን በቀላሉ ወደሚቀበልበት ሁኔታ ማስገባት፣ ከውርደት የወጣበት ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት መስመር የሚባል ሐኪም በሰው አካል ውስጥ የሚፈስ ማግኔታዊ ኃይል አለ ብሎ ፓሪስን አናውጦ ነበር። በ1784 ኬሚስቱ ላቮዋዚዬና አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያሉበት ኮሚሽን መርምሮ እንዲህ ያለ ኃይል የለም፣ የሚሠራው የሕመምተኛው ምናብ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ በኋላ ነገሩን የነካ ሐኪም ስሙ ይጠፋ ነበር። በ1882 ግን የፓሪሱ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ታላቁ የነርቭ ሐኪም ሻርኮ ጉዳዩን የሳይንስ አካዳሚው ፊት አቀረበው። በሩ ተከፈተ። በናንሲ ከተማ ደግሞ ሐኪሞቹ ሊዬቦና በርንሃይም ሌላ አመለካከት ነበራቸው። ለሻርኮ ሂፕኖሲስ ሦስት ደረጃ ያለው፣ ሂስቴሪያ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚታይ የነርቭ ሁኔታ ነው። ለናንሲዎቹ ጤነኛውም ሰው የሚቀበለው ሐሳብ የማስረጽ ውጤት ነው። ጠቡ ለዓመታት ቆየ። ኋላ ላይ ናንሲዎቹ በብዙው ልክ ሆነው ተገኙ።

ወጣቱ መምህር ወደዚህ ጉዳይ የገባው በሌዮኒ በኩል ነው። ዶክተር ዢቤር የሚባል የለሃቭር ሐኪም አገናኘው። ሌዮኒ በጣም በቀላሉ ሂፕኖታይዝ የምትሆን ሴት ነበረች። ከዚያም አልፎ፣ ሐኪሙ ከሷ ርቆ ባለበት ቦታ ሆኖ «ተኚ» ብሎ ሲያስብ ብቻ የምትተኛ ይመስል ነበር። በ1885 ማብቂያ ላይ አጎቱ ስለዚህ የተጻፈውን ሪፖርት ፓሪስ ውስጥ ባለሙያዎች ፊት አነበበለት። ሰብሳቢው ሻርኮ ነበር። ወሬው ተዳረሰ። በማግስቱ ዓመት ፍሬደሪክ ማየርስን የመሰሉ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝ ሳይቀር ለሃቭር ድረስ መጡ።

እስቲ አስቢው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ስሙ በአንድ ጊዜ ገንኗል። በዚያ መንገድ ቢቀጥል ዕድሜ ልኩን ይጨበጨብለት ነበር። እሱ ግን ቆም ብሎ ስለ ሌዮኒ ያለፈ ሕይወት መጠየቅ ጀመረ። ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። ሴትዮዋ እሱ ከማየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ በሌሎች ሰዎች እጅ በተደጋጋሚ ሂፕኖታይዝ ተደርጋ ኖራለች። አዲስ ነገር አገኘሁ ብሎ የመዘገበው ብዙው እነሱ ያስለመዷት ነበር። የተረሱትን የድሮ መጻሕፍት ገልጦ ሲያነብ ደግሞ ዘመነኞቹ ግኝት የሚሉት ሁሉ ቀድሞ ተጽፎ አገኘው። ከርቀት የማስተኛቱን ነገር በኋለኛ ዘመኑ በጥርጣሬ ነበር የሚያነሳው።

ከዚህ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ። በተቻለው መጠን ከዚህ በፊት ማንም ያልነካቸውን ታካሚዎች መረጠ። ያለ ተመልካች ብቻውን መረመረ። የሚሉትንና የሚያደርጉትን ሁሉ እዚያው በብዕር መዘገበ። የሕይወት ታሪካቸውን ከሥር ከመሠረቱ አጣራ። ሻርኮ በየሳምንቱ ሕመምተኛ እያስወጣ በአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት በሚያሳይበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ብዙ ዓይን ሲያያት ታካሚዋ የሚፈለግባትን መሥራት እንደምትጀምር ገብቶታል።

አሁን ወደ ሉሲ እንምጣ። በዣኔ ጽሑፎች ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ስሞች የታካሚዎቹ እውነተኛ ስም አይደሉም። ሉሲ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድንገት በፍርሃት ትንቀጠቀጣለች። ምክንያቱን ስትጠየቅ «እፈራለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም» ነው መልሷ። ዣኔ አንድ ዘዴ ነበረው። ሌላ ሰው ሉሲን በወሬ ይይዛታል። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። እርሳስ የያዘው እጇ እሷ ሳታውቅ መልሱን ይጽፋል። በመጽሐፉ ላይ የሰፈረው ምልልስ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦

«ትሰሚኛለሽ?»
«አልሰማም።»
«ለመመለስ እኮ መስማት ያስፈልጋል።»
«አዎ፣ በእርግጥ።»
«ታዲያ እንዴት ነው የምትመልሺው?»
«አላውቅም።»
«የሚሰማኝ ሰው መኖር አለበት።»
«አዎ።»
«ማነው?»
«ከሉሲ ሌላ የሆነ ሰው።»
«እንግዲያው ስም እናውጣላት?»
«አይሆንም።»
«ይሻላል፣ ይቀለናል።»
«እሺ፣ አድሪየን።»

ይህን ምልልስ ደጋግመሽ አንብቢው። በአንድ በኩል ሉሲ የማታውቀውን ነገር አድሪየን ታውቃለች። ሉሲ በሰባት ዓመቷ ሁለት ሰዎች ለቀልድ መጋረጃ ኋላ ተደብቀው አስደንግጠዋት ነበር። ፍርሃቱ ሲመጣባት የምታየው ያንን መጋረጃ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ስሙን ያመጣው ማነው? «አይሆንም» ስትል የገፋፋት ዣኔ ራሱ ነው። ይህን ደብቆ ማለፍ ይችል ነበር። አልደበቀም። ስም ካገኘች በኋላ ያቺ የተደበቀች ሰው ይበልጥ ጎልታ፣ ይበልጥ ተለይታ እንደታየች ራሱ ጽፏል። ለኔ እውነተኛ ሳይንስ ይሄ ነው። መርማሪው የሚያገኘውን ነገር በከፊል ራሱ ሊፈጥረው እንደሚችል ለአንባቢው ክፍት አድርጎ መተው።

ለምን ይሆናል ታዲያ ይህ መነጣጠል? የዣኔ ማብራሪያ ቀላል ነው። ጤነኛ አእምሮ የሚያየውን፣ የሚሰማውን፣ የሚያስታውሰውን በየጊዜው አንድ ላይ ያሰባስባል። ያ ሁሉ ሲሰበሰብ «እኔ» ይሆናል። ድካም፣ ድንጋጤ፣ በሽታ ወይም የተፈጥሮ ድክመት ይህን አቅም ሲቀንሰው ሁሉን መያዝ ያቅታል። አጭር ጋቢ የለበሰ ሰው ራሱን ሲሸፍን እግሩ እንደሚገለጠው ነው። ከውጭ የቀረው ትውስታ አይጠፋም። ለብቻው ይኖራል፣ ለብቻውም ይሠራል። ድብቅ የተተከለ ሐሳብ ይሆናል። ፍሮይድ በኋላ የተለየ ነገር ተናገረ፤ ሰው የማይፈልገውን ሐሳብ በኃይል ያፍነዋል አለ። ዣኔ የአቅም ማነስን ያያል፣ ፍሮይድ ትግልን። ለፈተና ብቻ ብትይዢው እንኳ ዋናው ልዩነታቸው እሱ ነው።

ማሪም ከለሃቭር ታካሚዎቹ አንዷ ናት። እሷም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በየወሩ የወር አበባዋ ሲመጣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች፣ ደሙም ቶሎ ይቆማል። ግራ ዓይኗ ደግሞ አያይም። በሂፕኖሲስ ውስጥ ሆና ስትጠየቅ ታሪኩ ወጣ። የመጀመሪያው የወር አበባዋ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሲመጣባት አፍራ፣ እንዲቆምላት ብላ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላበት በርሜል ውስጥ ገብታለች። ዓይኗን በተመለከተ ደግሞ ስድስት ዓመቷ ሳለ ግራ ፊቱ በሙሉ በቁስል ከተሸፈነ ልጅ ጋር በግድ አንድ አልጋ ላይ አስተኝተዋታል። እያለቀሰች።

ዣኔ ያደረገው ነገር ዛሬም ያከራክራል። ማሪን በሂፕኖሲስ ወደዚያ ዕድሜ መልሶ ትውስታውን ለወጠው። ውሃ ውስጥ እንዳልገባች፣ ያ የወር አበባ በሰላም መጥቶ በሰላም እንዳለፈ አሳመናት። ልጁም ቁስል የሌለው፣ የሚያምር ልጅ እንደሆነ ነገራት። መጀመሪያ አላመነችም። ሁለተኛ ጊዜ ስትደግመው ልጁን ያለ ፍርሃት ደባበሰችው። ስትነቃ ግራ ዓይኗ አየ።

ዛሬ በዚህ መንገድ የሰው ትውስታ ውስጥ ገብቼ ውሸት ልትከል የሚል ባለሙያ የሥራ ሥነ ምግባሩን ይጥሳል። በዘመኑ ግን አንዲትን የተሠቃየች ልጅ ቁጭ ብሎ «መቼ ጀመረሽ? ያን ቀን ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ስንት ሐኪም ነበር? ሂስቴሪያ ያለባት ሴት እንደ አስመሳይ ነበር የምትታየው።

ከ1889 በኋላ ዣኔ ሕክምና መማር ጀመረ። ሻርኮ በሳልፔትሪዬር የሥነ ልቦና ላቦራቶሪ ሰጠው። በ1893 በሕክምና ተመረቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሻርኮ ሞተ። ከዚህ ዘመን ታካሚዎቹ ሁለቱን ላንሳልሽ። እኛ አንባቢዎች በቀላሉ የምንረዳቸው ናቸው።

አንደኛው አሺል ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ትዳር አለው። ለሥራ ሌላ ከተማ ቆይቶ ሲመለስ ዝም አለ። ከዚያ በሽታ ላይ በሽታ ተደራረበበት። በመጨረሻ ሰይጣን ያዘኝ አለ። በሱ አፍ ሌላ ድምፅ ይሳደባል፣ አምላክን ይዘልፋል። እሱ ራሱ ደንግጦ ያለቅሳል። ዣኔ በቀጥታ ሊያናግረው ቢሞክር አልሆነም። ስለዚህ የሉሲን ዘዴ አመጣ። እጁ ላይ እርሳስ አስያዘው፤ ሌላ ሰው አሺልን በወሬ ያዘው። «ማነህ?» ሲባል እጁ «ሰይጣን» ብሎ ጻፈ። ዣኔ አልተከራከረም። ኃይልህን አሳየኝ አለው። እሱ ሳያውቅ ክንዱን አንሳ ሲለው ክንዱ ተነሳ። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ፣ በል እንግዲህ እዚህ ወንበር ላይ አስተኛው አለው። አሺል ተኛ። ሰይጣኑ በገዛ ኩራቱ ተይዞ ሂፕኖታይዝ አደረገለት።

ተኝቶ ታሪኩን ተናገረ። በጉዞው ላይ ሚስቱ ላይ ሄዷል። ጸጸቱ አንደበቱን ዘጋው። አፌን ከከፈትኩ እናዘዛለሁ ብሎ ፈርቶ ነበር ዝም ያለው። ከዚያ በኋላ ጸጸቱ ወደ ሲኦልና ወደ ሰይጣን ሕልም ተቀየረ። ሕክምናው ያተኮረው ሰይጣኑ ላይ አይደለም፣ ጸጸቱ ላይ ነው። በሂፕኖሲስ ውስጥ ሚስቱ መጥታ ይቅር ስትለው እንዲያይ ተደረገ። ዳነ። ዣኔ ይህን ገጠመኝ በ1894 ሲያቀርብ ዘመናዊ የሰይጣን ማስወጣት ብሎ ነው የጠራው።

«ማነህ?» የሚለው ጥያቄ ለኛ እንግዳ አይደለም። ቡዳ በላው የተባለ ሲለፈልፍ፣ ዛር አለበት የተባለ ሲያጓራ፣ ፀበል ቦታም እንዲሁ ይጠየቃል። ዣኔ የአሺልን እምነት አልዘለፈም። ከሚናገረው ድምፅ ጀርባ ምን ዓይነት ሕመም እንዳለ ፈለገ። እኔም ቤተሰብ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ፀበሉን አትተዉ፣ ግን መድኃኒት የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሰውዬው ከመታመሙ በፊት የደረሰበትንም ነገር ጠይቁ።

ሌላዋ ኢሬን ናት። እኔ በግሌ ከሁሉም የምትበልጥብኝ እሷ ናት። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ድሃ ልጅ ናት። በሳንባ ነቀርሳ የምትሞት እናቷን ሌት ተቀን ስታስታምም፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ለኑሮም እየሰፋች ከረመች። እናቷ በሌሊት ሞተች። ኢሬን አስከሬኑን ልታነቃው፣ መድኃኒት ልታጠጣው ታገለች። በቀብሩ ቀን ሳቀች። ዘመድ ተደናገጠ። በኋላ ሆስፒታል ስትገባ እንዲህ ነበር የምትለው፦ እናቴ እንደሞተች ሰዎች ነግረውኛል፣ አላያትም፣ ጥቁር ለብሻለሁ፤ ስለዚህ ሞታለች ማለት ነው። ግን መቼ ሞተች? በምን ሞተች?

ይህችው ልጅ ባዶ አልጋ ስታይ ትቆማለች። ዓይኗ ይፈጣል። በሌለ ሰው አፍ ላይ ብርጭቆ ታስጠጋለች፣ ታባብላለች፣ አልጋው ላይ ትወጣለች፣ የሚወድቀውን አካል ታስተካክላለች። ያን ሌሊት ከነዝርዝሩ ትኖረዋለች። ሦስትና አራት ሰዓት ይፈጃል። ስትነቃ ምንም አታስታውስም።

ዣኔ ከዚህ ያወጣው ሐሳብ ለኔ ከሂፕኖሲሱ ሁሉ ይበልጣል። ማስታወስ ድርጊት ነው ይላል። ታሪክን የመናገር ድርጊት ነው። ኢሬን ስትድን እናቷ እንዴት እንደሞተች በአንድ ደቂቃ ትናገረዋለች፣ ለሚሰማት ሰው ትመጥነዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ታበቃለች። ስትታመም ግን ያው ታሪክ ሰዓታት ይፈጃል፣ ለማንም አይነገርም፣ አንዲት ነገር አይቀነስበትም። ዛሬ ከጦርነት ወይም ከስደት የተረፈ ሰው ድምፅ ሲሰማ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ሲገኝ የምናየው ይህንኑ ነው። የሕክምናችን ትልቁ ክፍልም ሰውዬው ታሪኩን ከነሐዘኑ እንዲናገረው ማስቻል ነው። ያውም ቸኩለን ሳይሆን፣ መጀመሪያ እንቅልፉና ኑሮው ሲረጋጋ ነው። ይህን ቅደም ተከተልም ብዙዎች ከዣኔ ጋር ያያይዙታል።

በአንድ ጊዜ ዳነ፣ አበቃ የሚል ሰው እንዳልነበር ግን ልብ በይ። ዡስቲን የምትባል ኮሌራን የምትፈራ ሴት ነበረችው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ በኮሌራ የሞቱ ሰዎችን ሬሳ አይታ ነው የጀመራት። ዣኔ በሂፕኖሲስ ሬሳዎቹን ልብስ አለበሳቸው። አንዱን በዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ያየችውን የቻይና ጄኔራል ልብስ አልብሶ እንዲራመድ አደረገው። «ኮሌራ» የሚለውን ቃል ሳይቀር በክፍለ ቃል ሰባብሮ የጄኔራሉ ስም አደረገላት። ፍርሃቱ ለቀቃት። ወዲያው ግን ሌሎች ትናንሽ የተተከሉ ሐሳቦች ብቅ ብቅ አሉ። ሥራው ዓመታት ወሰደ። ደግሞ ታካሚው ሂፕኖታይዝ በሚያደርገው ሰው ላይ እንዴት ጥገኛ እንደሚሆን ከ1890ዎቹ ጀምሮ ጽፏል። መፍትሔው በአንድ ጊዜ መቁረጥ ሳይሆን የቀጠሮውን ርቀት ቀስ በቀስ ማስፋት ነበር።

ለምን ተረሳ ወደሚለው ልሂድ። በሕይወት ሳለ የተረሳ ሰው አልነበረም። ከ1902 ጀምሮ ኮሌዥ ደ ፍራንስ በሚባለው የፓሪስ ታላቅ ተቋም የሳይኮሎጂስቱን የሪቦን የፕሮፌሰርነት ወንበር ይዞ እስከ 1930ዎቹ አስተማረ። በ1906 ሃርቫርድ ጋብዞት 15 ትምህርቶች ሰጥቷል። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ዊልያም ጄምስ ቀደም ብሎ በ1890 መጽሐፉ ላይ የሉሲንና የሌዮኒን ነገር በሰፊው ጠቅሷል። በቦስተን ሞርተን ፕሪንስ የአብኖርማል ሳይኮሎጂን መጽሔት በ1906 ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች አንዱ ዣኔ ነበር።

ነገር ግን ሻርኮ ከሞተ በኋላ ሂፕኖሲስ በፈረንሳይ ሐኪሞች ዘንድ እንደገና ተናቀ። የሻርኮ ተማሪ የነበረው ባቢንስኪ ራሱ ሂስቴሪያን በማስረጽ የሚመጣ፣ በማስረጽ የሚጠፋ ነገር አድርጎ አጠበበው። በ1910 ደጀሪን የሚባል የነርቭ ሐኪም የሳልፔትሪዬርን የፕሮፌሰርነት ወንበር ሲይዝ ዣኔ ከዚያ ወጣ። ዣኔ ደግሞ ማኅበር አላቋቋመም፣ ደቀ መዝሙር አላሰለፈም። ፍሮይድ ሁለቱንም አድርጓል። በ1913 ለንደን ላይ ዣኔ ሳይኮአናሊሲስን፣ ማለትም የፍሮይድን ትምህርትና ሕክምና፣ ክፉኛ ተቸ። ግማሹ የኔ ነው፣ የቀረው ደግሞ ሁሉን ወደ ወሲብ የሚጎትት ነው አለ። ትችቱ ከረር ያለ ነበር፤ የፍሮይድ ሰዎችም ቅናት ነው አሉት። በቀጣዩ ዓመት ግን ፓሪስ ውስጥ ፍሮይድ ላይ ሲዘመት ተነስቶ የተከላከለለትም እሱ ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። በ1937 ቪየና ሄዶ ሊያገኘው ፈለገ። ፍሮይድ አላገኘውም አለ።

ሌላም አለ። ዣኔ በ1947 ሲሞት ከ5,000 በላይ የታካሚ መዝገብ ነበረው። እንዲቃጠል ተናዝዞ ነበርና ተቃጠለ። ለታሪክ ትልቅ ጉዳት ነው። ለታካሚዎቹ ግን የተገባ ክብር ነበር፤ እኔ አልፈርድበትም። ስሙ የተመለሰው ሄንሪ ኤለንበርገር በ1970 ባሳተመው ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ነው። በ1980 ከአደጋ በኋላ የሚመጣው ጭንቀት በአሜሪካው የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ውስጥ ሲገባ፣ የትራውማ (ከከባድ ገጠመኝ የሚቀር የአእምሮ ቁስል) ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ዞረው ሲፈልጉ ያገኙት ዣኔን ነው። በ1989፣ መጽሐፉ መቶ ዓመት ሲሞላው፣ ቫን ደር ኮልክና ቫን ደር ሃርት ስለሱ በአሜሪካ የሳይካትሪ መጽሔት ላይ ጻፉ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ለአንባቢው ሁሉ የሚጠቅም ነው። ሂፕኖሲስ የተረሳ ነገር ያስታውሳል? አንዳንድ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ችግሩ ያልነበረም ነገር ያወጣል፣ ያውም ሰውዬው በሙሉ ልቡ እያመነው። በርንሃይም ይህን በ1880ዎቹ ውስጥ አሳይቶታል። አይተሃል እያለ ያስረጸው ነገር የታካሚው ትውስታ ይሆን ነበር። ይህ ተዘንግቶ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በሂፕኖሲስ «የተገኙ» የልጅነት ትዝታዎች ቤተሰብ አፍርሰዋል፣ ሰው ፍርድ ቤት አቁመዋል። ዛሬ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በሂፕኖሲስ የተገኘ ምስክርነትን ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ። ዣኔ ራሱ የማሪን ትውስታ መቀየር ከቻለ፣ ሌላውም ሳያውቅ ሊቀይር ይችላል ማለት ነው።

ሂፕኖሲስ ግን ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሕመምን ለማስታገስ፣ በጭንቀት ለሚብስ የአንጀት መረበሽ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ለሚመጣ ፍርሃት ጥሩ ማስረጃ አለው። የሚሰጠው ግን ሕመሙን በራሱ ማከም የሚችል የሠለጠነ ባለሙያ መሆን አለበት። የሌለ ድምፅ ለሚሰማና ከእውነታ ለራቀ ሰው አይመከርም። መድረክ ላይ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። እዚያ የሚወጡት ለመታዘዝ ፈቃደኛ የሆኑ ተመልካቾች ናቸው፤ ማንም በግድ አይተኛም። «የልጅነት ቁስልሽን በአንድ ቀን አወጣልሻለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ብር አትክፈዪ።

ለጥናትሽ ከፈለግሽው የሃርቫርዱን ትምህርት ፈልጊ። በ1907 በእንግሊዝኛ «ዘ ሜጀር ሲምፕተምስ ኦፍ ሂስቴሪያ» በሚል ታትሟል። የቅጂ መብቱ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የኢሬንን ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ውስጥ ታገኚዋለሽ። ፈረንሳይኛ የምትችዪ ከሆነ የ1889ኙን መጽሐፍ ያዢና በቀጥታ ወደ ሉሲ ሂጂ። ምልልሶቹን ስታነቢ በእርሳስ የምታሰምሪው የታካሚዋ መልስ ላይ ሳይሆን የዣኔ ጥያቄ ላይ ይሁን። መልሱ ከየት እንደመጣ የምታውቂው እዚያ ነው።